የአባቴ እንኳን ደህና መጣሽ

አባቴ «እንኳን ደህና መጣሽ» ብሎ ነው የሸኘኝ። በነጋታው ወደ ሱዳን የሚያሻግረኝን የኩርሙክ መኪና ልሳፈር፣ ምሽቱን ጎረቤት ቤታችን ሞልቶ እያለ ብድግ አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፦

እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዘይነብ የእኛ አንበሳ፣
ማንጎዋን ታቅፋ ጠበቀች አሶሳ።

ጎረቤት አጨበጨበ። እኔ ግን በግኜ ልሞት! እናንተ አሶሳ ያላችሁ ይቺን ግጥም በቃላችሁ ታውቋታላችሁ። ለማያውቅ ልንገረው፦ አባቴ እንድሪስ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚያው ያረጀ ገበሬ ነው። አዲሱ ክልል ሲቋቋም ቢሮዎቹ ወንበር ሳይገባላቸው በፊት ስብሰባ ገባላቸው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር አባቴ ተጠርቶ ይገጥማል። ግጥሙ አንድ ነው። ለኃላፊውም፣ ለገምጋሚውም፣ ለክትባት ቡድኑም የሚለወጠው «ዘይነብ» ያለበት ቦታ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እኔ እኮ የምሄድ ነኝ» አልኩት።

«አብሽሪ፣ ስትመጪ ይሆንሻል።»

እንግዲህ ካርቱም ገባሁ። ፀሐዩን አልነግራችሁም፤ የአሶሳን ዝናብ ስረግም የኖርኩበትን አፌን ብቆርጠው ደስ ይለኛል። እንጀራ ሲያምረኝ ኪስራ እበላለሁ፤ የእንጀራ የአክስት ልጅ ነው፣ ስስና ችኩል። ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ለኢቃማው፣ ወረፋ ይዤ መኮንኑ ፊት ቀረብኩ።

«ከየት ነሽ?»

«ዓባይ ከሚመጣበት በኩል።»

«ዓባይማ የእኛ ነው።»

ታዲያ የዓባይን ኢቃማ ማን አየው? ብዬ ልጠይቅ ነበር፤ የራሴ እንዳይቀርብኝ ተውኩት።

ከአባቴ ጋር የምንገናኘው በአንዲት ካሴት ነበር። ማንበብ አይችልም። በአንዱ ጎን እሱ ያወራል፣ በሌላው እኔ፤ ሾፌሮች ያመላልሱልናል፣ አዲሱ ወሬ በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ሁለተኛ ካሴት ልግዛ ስለው «የሰማሽውን ወሬ ምን ልታደርጊው?» አለኝ። አንድ ጊዜ ንዴቴ ሲመለስብኝ «የባለሥልጣን ትርፍራፊ አልፈልግም፤ የራሴን ግጠምልኝ» ብዬ ቀዳሁለት።

ክረምቱ አልፎ መልሱ መጣ። «የተከበራችሁ እንግዶቻችን» ብሎ ጀመረ፤ ቆም አለና «አይ፣ አንቺ ነሽ ለካ» አለ። መብላት አለመብላቴን ጠየቀኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ያንኑ መልሶ ጠየቀኝ። ከዚያ ገጠመ። ረጅም ነው፣ ለሌላ ለማንም አይሆንም፣ የእኔ ብቻ ነው። እንዲህ የሚል አለበት፦

ዓይኔማ አርጅቷል፣ ጆሮዬ ግን ነቅቷል፤
ኮቴሽን ሊሰማ ከበር ላይ ተቀምጧል።

አከራዬ ሐጃ በሩን ከፈተች። «ያ ዘይነብ፣ ሰውዬው ከማን ጋር ነው የሚጣላው?»

«አባቴ ነው፤ ናፍቄው ነው።»

«ናፍቆት እንዲህ ይጮሃል? ቀንሺው!»

ቀነስኩት። ዓርብ ሐጃ ዘመዶቿ ጋ ስትሄድ ድምፁን ከፍ አድርጌ ደግሜ እሰማዋለሁ ብዬ፣ ሾፌሩ እንዳያመልጠኝ መልሴን ቀዳሁ። የእሱን ጎን ከእኔ የሚለየው የካሴቱ ምልክት ከመነካካት ብዛት ጠፍቷል። አመሰገንኩት፣ አለቀስኩ፣ መረቅኩት፤ ጨርሼ ሳዞረው ያለፈው ጊዜ የራሴ ድምፅ ተቀበለኝ። ስለ ግጥሙ ሳመሰግነው ግጥሙን አጥፍቼዋለሁ።

በሾፌሩ ቀጠሮ ልኬ አሶሳ ቴሌ ደወልኩ። አባቴ ስልኩን እንደ ማይክሮፎን ይዞ መሰለኝ፣ ጩኸቱ ጆሮዬን በጠሰው። ከኋላው ወረፋ የያዘው ሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«አባዬ፣ ያቺን ግጥም ድገምልኝ።»

«የትኛዋን?»

«ካሴት ላይ ያልካትን፣ የእኔን።»

 ላስታውሰው ብዬ የያዝኳቸውን ሁለት መስመሮች እኔው አልኩለት። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጠኝ።

«ወይ ጉድ! ጥሩ አድርጎ ገጥሟል» አለኝ። «የማን ነው?»

  የአንድ ሰው ነው፣ አሶሳ የሚኖር፣ አልኩት።

«እኔም አለኝ እኮ፣ ስሚማ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ዘይነብ የእኛ አንበሳ...»

አንዲት ቃል ሳይስት ጨረሰው። ቴሌ ውስጥ የነበረው ወረፋ፣ ልማዱ ነውና፣ አጨበጨበ። እኔም ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አጨበጨብኩ።