የሻለቃው ዓሦች ጾም

ዓንዶም ጠንቅቆ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ባሕርና ፍርሃት። ባሕሩን ያወቀው ምጽዋ ላይ ዐሥር ዓመት ጀልባ ሲቀዝፍ ነው። ፍርሃቱን ደግሞ አዲስ አበባ መጥቶ አንድ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሲሞላ። «ወንድምና እህት» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። ታናሽ ወንድሙ ገብረትንሣኤ ግን ትግራይ ውስጥ ከታጋዮቹ ጋር በረሃ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ይህ የታወቀ ዕለት ዓንዶም አበቃለት ማለት ነው፤ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቀዋል።

ቅጹን የሞላው ሻለቃ ካሳዬ ቤት ለመቀጠር ነው። ሻለቃው ከቦሌ መንገድ ጀርባ፣ መንግሥት ከቀድሞ ባለንብረቱ በወረሰው ቪላ ውስጥ ከእናቱ ጋር ይኖራል። ምጽዋ በነበረ ጊዜ የባሕሩን ሥር አይቶ ልቡ እዚያው ቀረ። ስለዚህ ሳሎኑ ውስጥ የሁለት ሜትር የመስታወት ገንዳ አሠርቶ ቀይ ባሕርን ወደ ቦሌ አስመጣ። ማጋነኔ አይደለም። ውሃው በጀሪካን ተሞልቶ በወታደር አውሮፕላን ይመጣል፤ መርጃን የሚባለው ሕይወት ያለው የባሕር ድንጋይም፣ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦቹም እንዲሁ በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። ሕዝቡ ለስኳር ሲሰለፍ፣ ለሻለቃው ዓሦች የበሬ ልብ በደቃቁ ተከትፎ ይቀርብላቸው ነበር።

የዓንዶም ሥራ ይህን ባሕር በሕይወት ማቆየት ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፤ ስለዚህ የጎደለውን ከነዳጅ ማደያ በሚገዛ፣ ጨው በሌለበት የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሞላዋል። የቧንቧ ውሃ ጠብታ አያስነካውም። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው ግን ለምግቡ ነው። ዓሦቹ ያልጨረሱት ምግብ ይበሰብሳል፣ የበሰበሰው ፍግ ይሆናል፣ ፍግ ባለበት ደግሞ አረም አይቀርም። የባሕር አረም አልጌ ይባላል። መርጃኑን ሸፍኖ አፍኖ ይገድለዋል።

በ1978 ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት አልጌው መጣ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ዓንዶም በጨርቅ ወለወለው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሳምንቱ ድንጋዮቹ ሁሉ አረንጓዴ ፀጉር አበቀሉ፣ መርጃኑም ጣቶቹን ሰብስቦ ተኮማተረ። መጥኖ ከትፎ ለሻለቃው እናት የሚያስቀምጠው ምግብ ያው፣ መብራቱ ያው፣ ውሃው ያው ነው። ዓንዶም ምክንያቱ ጠፋበት።

ሻለቃው ሰኞ ጠዋት ገንዳው ፊት ቆሞ ብዙ አየ።

«ማነው ውሃዬን የሚመርዘው?»

«እያጣራሁ ነው፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ከወዳጅ አገር እንግዶች ሊመጡብኝ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት እንዲህ ሲሆን እኔ ተፈጥሮ ነው ብዬ አልቀበልም። ይሄ አሻጥር ነው። እስከ ቅዳሜ ስም ታመጣልኛለህ። ካላመጣህ የዚህ ቤት ሠራተኛ ፋይል ሁሉ እንደ አዲስ ይመረመራል።»

የቤቱ ሾፌር ሰይድ ስለ አንድ የመኪና ጎማ ጉዳይ «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከሄደ ዓመት አልፎታል፤ አምስት ደቂቃዋ እስካሁን አላለቀችም። ጎማ ያንን ካስከተለ፣ ወንድም ምን ሊያስከትል ነው?

በዚያው ዕለት ዓንዶም ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከድንጋዮቹ ጀርባ ያለውን ዝቃጭ ወደ ባልዲ ሳበው። ሊጥ የመሰለ ቡናማ ነገር ወጣ። በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው። አልተጠራጠረም፤ በሶ ነው። ከገብስ የተፈጨ፣ ንጹሕ የቤት በሶ።

በማግስቱ ሻለቃው ቢሮ እንደሄደ ዓንዶም ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተደብቆ ጠበቀ። የሻለቃው እናት እማማ የሻሽወርቅ በቀስታ መጡ። የገንዳውን ክዳን ከፈቱ፣ በስመ አብ አሉና ሦስት እፍኝ በሶ በተኑበት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አታይም? ቁርስ እያበላኋቸው።»

«የተከተፈው የበሬ ልብ የት ሄደ?»

«ለውሻው ሰጠሁት። በሁዳዴ እኔ ባለሁበት ቤት ፍስክ የሚበላ ዓሣ የለም። ልጄ መጾም ከተወ ቆየ፣ እሱን አልቻልኩትም። እነዚህን ግን እችላቸዋለሁ።»

«ውሻውስ አይጾምም?»

«ውሻ ምን ያውቃል፣ ልጄ። ዓሣ ግን ጌታ ባርኮ ለሕዝብ ያበላው ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓንዶም በሳቅ ይሞት ነበር። አሁን ግን በሶው ምን እንዳመጣ፣ ሻለቃው ምን እንዳለ፣ ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ነገራቸው። እማማ የሻሽወርቅ ፊታቸው ጠቆረ።

«ለእሱ እንዳትነግርብኝ። በሹማምንቱ ፊት መሳቂያ አደረግሽኝ ብሎ ገጠር ይመልሰኛል። ጾሙን ግን አላስፈታቸውም፤ ከፈጣሪ ጋር አታጣላኝ።»

ዓንዶም አሰበ። እሱም የጾም ቤት ልጅ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?»

«እስከ ዘጠኝ።»

«እነዚህ ግን ገና በጠዋቱ በሶ ይጠግባሉ። ይሄ ምን ጾም ነው?»

አሮጊቷ ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። ከዚያም ዓሦቹን በአዲስ ዓይን አዩዋቸው።

«ምንም ሳይቀምሱ ስንት ቀን ይችላሉ?»

«አንድ ሳምንት ምንም አይሉም።»

«ሳምንት ሙሉ?» አሉ፤ ቅናት ቢጤ ነካቸው። «እንግዲያስ ይጹሙ።»

ዓሦቹ ጾሙ። ዓንዶምም አልጌውን በእጁ እየነጨ ባልዲ ሞላ፤ ከእያንዳንዱ ጭብጥ ጋር ፍጉም አብሮ እንደሚወጣ ያውቃል። ድንጋዩን በጥርስ ብሩሽ ፈተገ፣ መብራቱ የሚበራበትን ጊዜ በቀን ከዐሥር ሰዓት ወደ አራት ቀነሰ፣ ከጀሪካኑ አዲስ ባሕር ጨመረ። ዓርብ መስታወቱ ጠራ። ቅዳሜ ጠዋት አንዱ መርጃን ጣቶቹን ዘረጋ።

ሻለቃው መጥቶ ቆመ።

«ስሙን አምጣ።»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሻለቃ። ምግብ አበዛሁባቸው።»

ሻለቃው ሲጋራ ለኮሰ።

«እናቴ ትናንት ነግራኛለች። በሶውን ጭምር። ሰው በእኔ ኃጢአት አይታሰርም ብላ አለቀሰች።» ወደ ዓንዶም ተጠጋ። «አንተ ግን ዓይኔን እያየህ ዋሸኸኝ። ድምፅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። መዋሸት የማትችል ሰው ትመስለኝ ነበር። ሌላስ ምን ዋሽተኸኛል?»

«ምንም፣ ጓድ ሻለቃ።»

«ወንድም የለህም?»

«የለኝም።»

«ጥሩ። ይህ ውሃ እንደጠራ እስካለ ድረስ ፋይልህን የምከፍትበት ምክንያት የለኝም።»

ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ዓንዶም በየማለዳው ነፍሱን ሊያይ ወደ ገንዳው ይሄድ ነበር። ትንሽ አረንጓዴ ካየ ቁርስ አይወርድለትም። ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጥ ትብለጽ የምትባል ደግ ሴት ልታገባው ፈቅዳ ነበር፤ ሚስት ስለ ዘመድ መጠየቋ አይቀርም ብሎ ሸሻት። «ወንድም የለኝም» የምትለዋን ለቀበሌውም፣ ለጎረቤትም፣ ይቅር ይበለውና ለንስሐ አባቱም ተናገረ። ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ስትወጣ ውሃው ከአሰብ መምጣት ጀመረ፤ እሱ ግን ምጽዋን ማን እንደያዛት እንኳ ጮክ ብሎ አልጠየቀም።

በግንቦት 1983 ሻለቃው ለእናቱ እንኳ ደህና ሁኚ ሳይል ጠፋ። ታጋዮቹ ከተማዋን ያዙ። የሻለቃው ቢሮ ተዘጋ፣ ወረቀቱም በየግቢው ተበተነ። ዓንዶም አሮጊቷንና ዓሦቹን እየጠበቀ እዚያው ቪላ ቀረ።

በሳምንቱ የውጭው በር ተንኳኳ። ዓንዶም በሩን ገርበብ አደረገው። ጎፈሬው ያደገ፣ በጸሐይ የከሰለ፣ ቁምጣ የለበሰ ታጋይ ቆሟል።

«ዓንዶም የሚባል ሰው እዚህ አለ ብለውኝ ነው» አለ በትግርኛ። «ወንድሜ ነው።»

ዓንዶም ገና ከድምፁ አውቆት ነበር። ግንባሩ ላይ ያለችውን፣ በልጅነታቸው እሱ ራሱ በድንጋይ የፈነከተውን ጠባሳም አየ። ልቡ ወደ ደጅ ሊዘል ደረሰ። አፉ ግን ልቡን አልጠበቀም።

«ተሳስተሃል» አለ በአማርኛ። «እኔ ወንድም የለኝም።»

ገብረትንሣኤ ጠመንጃውን አውርዶ ግንቡ ላይ አስደገፈና እጁን ዘርግቶ እዚያው ቆመ። ዓንዶም በሩን እንደያዘ፣ ከኋላው የሚሰማ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብሎ አየ።