ሲስተም የለም የተባለበት የፈተና ቀን

አገራችን ውስጥ ኮምፒዩተር የሚታመመው አንድ በሽታ ብቻ ነው፤ እሱም «ሲስተም የለም» ይባላል። ባንክ ብትሄዱ ሲስተም የለም፤ የመብራት ልትከፍሉ ብትሰለፉ ሲስተም የለም። የኔ እንጀራ ደግሞ ይህ የለም የተባለው ሲስተም የት እንደገባ መፈለግ ነው። ጎባ አጠገብ ባለ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ከደሴ መጥቼ ባሌ ከገባሁ ጀምሮ እነዚህን ሁለት ቃላት ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ለወትሮው እስቅባቸዋለሁ። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

የሙያ ፈቃድ ፈተና ቀን ነበር። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው፤ ጥያቄው አዲስ አበባ ካለ ሰርቨር ይመጣል፣ መልሱም ወደዚያው ይመለሳል። ከተፈታኞቹ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት። ትምህርቷን ከኔ ጋር እየኖረች የጨረሰች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ባሏ ገሰራ በምትባል የባሌ ከተማ ያስተምራል። እዚያው ገሰራ ያለ ጤና ጣቢያ ሊቀጥራት ቃል ገብቶ ፈቃዷን ብቻ እየጠበቀ ነበር። በዚህ ዙር ካልተፈተነች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። በዚያ ላይ ሆዷ ገፍቷል፤ ልትወልድ ጥቂት ነው የቀራት። «እታለም፣ እኔን ምጡ አይደለም የሚያስፈራኝ፣ ኢንተርኔቱ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም «ኢንተርኔቱን ለኔ ተይው፣ አንቺ ምጡን ያዢ» እያልኩ እቀልድባታለሁ።

«ሲስተም የለም!» አለኝ የኮሌጁ ዲን፣ ገና በሩን ሳልሻገር። የፈተናው ገጽ አልከፈት ብሏል። እሱ ቫይረስ ነው ባይ ነው፤ ለዲናችን መብራት ቢጠፋም ቫይረስ ነው። ኮምፒዩተሮቹ ተነቅለው ፕሮግራማቸው እንደ አዲስ እንዲጫን ፈልጎ ነበር። ያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ፈተናው ከሰዓት በኋላ ነው። «አንድም ሰው ኮምፒዩተር እንዳይነካ!» ብዬ ጮኽኩ። የጮኽኩት አለቃዬ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው።

በኛ ሙያ ኔትወርክን እንደ ፎቅ ቤት ነው የምናየው። ከታች ሽቦውና የሬዲዮ ሞገዱ አለ። በላዩ ጎረቤት መሣሪያ ከጎረቤቱ የሚነጋገርበት፣ ከዚያ በላይ አድራሻ እያየ ከከተማ ከተማ መንገድ የሚመርጠው፣ ከሱም በላይ የተላከው ሳይጎድል መድረሱን የሚከታተለው ይቀመጣል። መጨረሻው ፎቅ ላይ ደግሞ ሰው በዓይኑ የሚያየው ገጽ አለ። እያንዳንዱ ፎቅ ከሥሩ ያለውን አምኖ ነው የሚኖረው፤ ምድር ቤቱ ሲናድ ግን ጩኸቱ የሚሰማው ከላይ ነው። ዲኑ የላይኛውን ፎቅ እያየ ይጨነቃል፣ እኔ ከምድር ቤት ጀመርኩ። ኬብሉን አየሁ፤ ደህና ነው። ከዚያ ፒንግ ማድረግ ያዝኩ። ፒንግ ማለት ሩቅ ያለን መሣሪያ «አለህ?» ብሎ መጣራት ነው፤ ካለ «አለሁ» ይላል። የኮሌጁ ራውተር አለሁ አለ። ጣሪያችን ላይ ያለው አንቴናም አለሁ አለ። ቀጥሎ ያለውን፣ ኮረብታው ላይ የተተከለውን ስጠራው ዝም አለ።

ኮሌጃችን የተሠራው ከኮረብታ ጀርባ ነው። ኢንተርኔቱ ሮቤ ከተማ ካለው የኮሌጁ ዋና ቢሮ በሬዲዮ ሞገድ ይመጣል። ሞገዱ ኮረብታ ስለማይበሳ አናቱ ላይ፣ በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ አጭር ምሰሶ ተተክሎ ሁለት አንቴናዎች ታስረውበታል፤ አንዱ ወደ ሮቤ ያያል፣ ሌላው ወደኛ። «ታዲያ በስልክ ኢንተርኔት ለምን አትፈትኑም?» የሚል አይጠፋም። ጠያቂው ከኮሌጁ የተመዘገበ አድራሻ ካልመጣ ፈተናው በሩን ለማንም አይከፍትም።

እህቴ የፈተናው ክፍል ደጃፍ ወንበር ላይ፣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ባጃጅ ጠርቼ ወጣሁ።

ባለፈው ቀን አመሻሽ ላይ ከባድ በረዶ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጨቅይቷል፤ ባጃጁ ኮረብታው ሥር አውርዶኝ ተመለሰ። እያለከለክሁ አናቱ ላይ ስደርስ አንቴና የሚባል ነገር አይታይም። ያለው ቆርቆሮ ነው። የምሰሶው አናት ሁለቱንም አንቴናዎች እንደያዘ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ሳቅም ለቅሶም በአንድ ላይ መጣብኝ። የሬዲዮ ሞገድ ብረት አያልፍም፤ ቆርቆሮ ማለት ለሱ ግንብ ነው።

የግቢው ባለቤት፣ ሁላችንም «ሀጂ» የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከቤት ወጡ። እዚህ አገር ደግሞ ጉዳይ በሰላምታ ላይ አይቀድምም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ መባባል አለ። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። «ወአለይኩም ሰላም! አከም ቡልቴ?» በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ መሆኑ ነው። «ነጋ፣ ሀጂ።» «ፈያ?» ጤናሽስ? «ፈያ።» «ማቲን ነጋ?» ቤተሰቡ ደህና ነው? እህቴ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። «ነጋ» አልኩ። እኔም በተራዬ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ ጠየቅሁ። ውስጤ እየነደደ አንዱንም አልዘለልኩም። መሣሪያዎቻችንም ቢሆኑ ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት «አለህ?»፣ «አለሁ፣ አንተስ?»፣ «እኔም አለሁ» ሳይባባሉ አይጀምሩም፤ ልዩነቱ እነሱ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ መጨረሳቸው ነው።

«ሀጂ፣ ይህን ቆርቆሮ ማን አለበሰው?» አልኩ በመጨረሻ።

«እኔ ነኛ!» አሉ በኩራት። «ስትተክሉ አማና ነው፣ አደራ ብላችሁ አይደል የሰጣችሁኝ? ትላንት በረዶው ሲመጣ ገብሱን ማልበስ አልችልም አልኩ። ይህን ግን እችላለሁ። የከብቶቹን ቤት ቆርቆሮ ነቅዬ አለበስኩት። አንድ ጠጠር አልነካውም፣ ወላሂ።»

ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር የወጣሁት። የከብቶቹን ጣሪያ አየሁት፤ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሰውየው ከብቶቻቸውን አስመትተው የኛን ዕቃ አድነዋል። ምን ብዬ ልቆጣ?

«ሀጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቆርቆሮው መንገዱን ዘግቶብናል» አልኩና እህቴ ምን ላይ እንዳለች ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። መንገድ የትኛው እንደሆነ ስላልገባቸው በሚያውቁት ምግብ፣ ከገብስና ከቅቤ በሚሠራው ጩኮ፣ አስረዳኋቸው። «ሮቤ ላለ ልጅዎ ጩኮ ሲልኩ ምን ያደርጋሉ? ጩኮው በዕቃ ይሆናል፣ ዕቃው በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ካርቶን ይገባል፣ ካርቶኑ ላይ የልጅዎ ስልክ ይጻፋል፣ ከዚያ ለሚኒባሱ ረዳት ይሰጣል። ረዳቱ ውስጡን አይከፍትም፣ ስልኩን ብቻ ያያል። አስፋልቱ ደግሞ ማን ምን እንደጫነ አያውቅም። ሮቤ ሲደርስ ልጅዎ ከውጭ ወደ ውስጥ ይፈታዋል። የእህቴም መልስ እንዲሁ ተጠቅልሎ ነው የሚሄደው። ረጅም ከሆነ ተቆራርሶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ በብዙ ሚኒባስ ይጫናል፤ አንዱ ጎማ ቢተነፍስበት የጎደለው ተጠርቶ እንደገና ይላካል። አስፋልቱ ከተቆረጠ ግን የሚላክ የለም። አስፋልቱ በዚች ምሰሶ ላይ ነው የሚያልፈው።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉና መሰላል ሊያመጡ ሮጡ። በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ወጥቼ ገመዱን ፈታሁ፣ ቆርቆሮውን ወደ ታች አቀበልኳቸው። ወዲያው የአንቴናው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ስልክ ደወልኩ። «ሲስተም መጣ!» ብሎ ዲኑ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ ደረሰ።

ልወርድ ስል ሀጂ መሰላሉን ይዘው ሰማዩን ያያሉ። ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። «አሁን ደግሞ ራቁቱን ልትተዪው ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የአንቴናዎቹ ፊት ከድሮም የተሰነጠቀ ነውና የትላንቱን ዓይነት በረዶ አይችልም። ቆርቆሮ አይሆንም፤ ፕላስቲክ ግን ሞገድ ያሳልፋል። «ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ አለዎት?» አልኩ። ሀጂ ገብተው የሚስታቸውን ሁለት ሳፋ ይዘው ወጡ፤ ከኋላቸው የሴት ተቃውሞ ተከትሏቸዋል። በአንዱ ልብስ ተዘፍዝፎ ነበር መሰለኝ፣ እየተንጠባጠበ ነው የመጣው። አንዱን በሮቤው አንቴና ፊት፣ ሌላውን በኛው ፊት አጥብቄ አሰርኩ። መብራቱን አየሁት፤ ብልጭ ድርግም ይላል።

ፈተናው ሲጀመር በረዶውም ጀመረ። መውረድ አልቻልኩም፤ ሀጂ ጋ ጥላ ሥር ተቀምጬ ያንን አረንጓዴ መብራት ሳይ ዋልኩ። ጩኮ በሰሃን ቀረበልኝ። በረዶው ሳፋዎቹን ይደበድባል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል። ሀጂም ከጎኔ ተቀምጠው እሱኑ ያያሉ።

በረዶው ሊያባራ ሲል ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ላክሽው?»

«ላክሁት።»

«ደረሰ ብሎሻል?» አልኳት። መላክ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከዚያኛው ጫፍ ደርሶኛል የሚል ቃል ካልተመለሰ እንዳልተላከ ነው የሚቆጠረው።

«‹መልስዎ ደርሶናል› ይላል። እያየሁት ነው። አሁንም እያየሁት ነው!»

ለሀጂ ነገርኳቸው። «አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ» እያሉ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ። ለእህቴ በሰላም መውለድን፣ ለኔም ረጅም ዕድሜን መረቁ። ውጤቱ የመጣው ቆይቶ ነው፤ አልፋለች፣ ዛሬ ገሰራ ታዋልዳለች። ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢ ይቀየመኛል።

ሀጂ መርቀው ሲጨርሱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «እስቲ አሁን ደግሞ ገብሴን ልየው» አሉ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ማሳቸው ከተቀመጥንበት ብዙም አይርቅም። በረዶው ሲወርድ ዓይናቸው ወደዚያ ዞር ሲል አላየሁም።

ቆይተው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው ተመለሱ። እጃቸው ላይ አንድ የገብስ ዛላ አለ፤ ጠብታውን አራግፈው ሰጡኝ።

«ዳር ዳሩን ነው የመታው። ተርፏል፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ለእህቴ ያላለቀስኩትን ያኔ አለቀስኩ።