በላጲስ ያጠፋሁት የሀዊ ጽሕፈት

ይህ ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ አታውቀውም፤ ባለቤቴም አታውቀውም። በረመዳን ሰው ሁሉ "አውፍ በለኝ"፣ ይቅር በለኝ፣ ሲባባል እኔም ስለ ጥቃቅኑ ጥፋቴ አውፍ በሉኝ እላለሁ፤ ይህችን ግን ዘልያት አልፋለሁ። አሁን ለእናንተ የምናገረው ስለምታውቁኝ አይደለም። ስለማታውቁኝ ነው።

ሰይድ እባላለሁ። አባትና እናቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው ወለጋ፣ አንገር ጉቲን የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ለትምህርት ነቀምቴ ስመጣ የተከራየሁት የኦቦ ቶለራን ጓሮ ክፍል ነበር። ኦቦ ቶለራ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ፤ ዓይናቸው ከመድከሙ የተነሳ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነበር። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት "ኢልማ ኮ"፣ ልጄ፣ ይሉኝ ጀመር። ሀዊ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። እኔ ከመምጣቴ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኩላሊት ሕመም ሞታለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኦቦ ቶለራ ጠሩኝና ከአልጋ ሥር ሦስት ካርቶን አስወጡኝ።

"የሀዊ ናቸው" አሉ። "አንተ እንግሊዝኛ ታነባለህ፣ ዓይንህም ደህና ነው። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ለይልኝ።"

የጨዋታ መጻሕፍት ነበሩ። ከእሳቸው ጋር ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለሀዊ ትቷቸው ሄዷል፤ ኋላም በፖስታ ጨምሮ ልኮላታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ተረት ይጀምራል፤ ሌሎቹ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ድንክ ሆነው "እኔ በሩን እከፍታለሁ"፣ "እኔ ከዘንዶው እሸሻለሁ" እያሉ ያስኬዱታል። የሚሳካና የማይሳካውን የሚወረወር ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስነዋል። ተረቱን የምትጀምረው ሀዊ ነበረች፤ ዳይሱን የሚያነቡላቸው ኦቦ ቶለራ ነበሩ። እሷ ካለፈች በኋላም ጓደኞቿ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ሊጫወቱ ይሞክሩ ነበር፤ ግን ይጣላሉ። ጣጣው የእትሞቹ መለያየት ነው። በቀደሙት ቀጫጭን መጻሕፍት ድንክ መሆን በራሱ ሥራ ነው፤ ድንክ ከሆንክ ሌላ ምርጫ የለህም። በኋላ በወጡት ወፍራሞቹ ግን ድንኩ ጦረኛም ሌባም መሆን ይችላል። አንዱ ከዚህ፣ ሌላው ከዚያ እየጠቀሰ ሲሟገቱ ያመሻሉ።

ሥራውን ወደድኩት። ምን እንዳደረገኝ እንጃ፣ ትምህርቴን ትቼ ሽፋን ከሽፋን፣ ስዕል ከስዕል ሳነጻጽር እውል ጀመር። አሮጌ እትሞችን የሚሰበስቡ ሰዎች ቴሌግራም ላይ ቡድን አላቸው። ፎቶ እያነሳሁ እጠይቃቸዋለሁ፣ ይመልሱልኛል። ቀስ በቀስ እኔም ለሌላው መላሽ ሆንኩ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው "ጎበዝ" አለኝ። እኔን፣ የአንገር ጉቲኑን ልጅ!

ከሁሉ ቀደምቷ ቡናማ ሽፋን ያላት ቀጭን መጽሐፍ ነበረች። ፎቶዋን ስለጥፍ ቡድኑ ተንጫጫ። ወዲያው ግን አንዱ "በእርሳስ ተጽፎባታል፤ ያሳዝናል፣ ተበላሽታለች" ብሎ ጻፈ።

እውነቱን ነው። የየገጹ ኅዳግ በኦሮምኛ ተሞልቷል፤ ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ አንዳንድ ቦታ መስመሩን ስቶ ይንጋደዳል። የማን እጅ እንደሆነ አላወቅኩም ብዬ ብነግራችሁ ይቀለኝ ነበር። አውቄያለሁ። ከሽፋኑ ጀርባ "ሀዊ ቶለራ" ይላል። አውቄ ነው ላጲስ የገዛሁት።

ሁለት ቀን ሙሉ አጠፋሁ። ሳላነብ ያጠፋሁ እንዳይመስላችሁ፤ እያነበብኩ ነው ያጠፋሁት። ኦሮምኛ ማንበብ ስለማይቀናኝ ቃሉን በከንፈሬ እየቆጠርኩ፣ ከዚያ እያጠፋሁ፣ ፍርፋሪውን እፍ እያልኩ። ስሟን ለመጨረሻ ተውኩት። ስሟ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ያ ሰዓት ነበር የእኔ ሰዓት፤ መመለስ እችል ነበር። ቀጠልኩ። ለምን? መልኬን እንኳ ለማያውቁ ሰዎች ንጹሕ መጽሐፍ ለማሳየት። ፎቶዋን መልሼ ስለጥፍ ጭብጨባ ላኩልኝ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ አለኝ!

በሳምንቱ ሁሉንም በየተራቸው ደርድሬ ጨረስኩ። ኦቦ ቶለራ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሯቸውና መረቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰይድ፣ አንዷ ላይ ሀዊ የራሷን የጨዋታ ሕግ ጽፋባታለች። ሆስፒታል ተኝታ ነው የጻፈችው፤ ጓደኞቿም አላዩትም። እስከዛሬ ያልነገርኩህ መስማቱን ፈርቼ ነው። አሁን ግን አንብብልኝ።"

በዚያች ቅጽበት "ኦቦ፣ አጥፍቼዋለሁ" ብል ኖሮ ምን ያደርጉኝ ነበር? ያለቅሱ ነበር። ምናልባት ከቤት ያስወጡኝ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ምን ይመጣ ነበር?

"የተጻፈባት የለችም" አልኩ።

"ቡናማዋን አይተሃታል?"

"አይቻታለሁ ኦቦ። ንጹሕ ናት።"

እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ገጹን ዳበሱት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ጫልቱ፣ አንቺም አላየሽም?"

"ስትጽፍ አይቻለሁ" አሉ አዴ ጫልቱ። "ምን ላይ እንደሆነ ግን እንጃ። ደብተር ይሆናላ።"

"እንግዲህ እኔ ነኝ" አሉ ኦቦ ቶለራ። "ዓይኔ ሄደ፤ ጭንቅላቴም ተከተለው።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ራሳቸውን አላመኑም። የሠላሳ ዓመት ተማሪዎቻቸውን በስም ከነአባታቸው የሚጠሩ ሰው፣ "ይህን ነግሬሻለሁ ወይስ አስቤው ነው?" እያሉ አዴ ጫልቱን ይጠይቁ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ስለ ሀዊ ማውራት መተዋቸው ነው። አንድ ቀን የልጅነቷን ነገር ባነሳባቸው "ተወው ሰይድ፣ ያልሆነ ነገር እንዳልጨምርባት እፈራለሁ" አሉኝ። ምንም ያልጎደለውን አእምሮ ጎደለ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። አባትን ከልጁ ትዝታ የለየሁ እኔ ነኝ። ይህን እያየሁ በየሳምንቱ ቤታቸው እገባ ነበር፤ እበላ ነበር፤ ሰርጌ ላይ እንደ አባት ቆመውልኛል። አንድ ቃል ያድናቸው ነበር፤ አልተናገርኩትም።

ካጠፋሁት ውስጥ ዛሬ የማስታውሰው ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ በተረቱ ውስጥ ያለው ወንዝ ሁሉ ዴዴሳ ይባል ይላል። ሌላው፣ በጨዋታው የሞተ ሰው ከጠረጴዛው አይነሳ፤ ጓደኞቹ ሲጨንቃቸው ይምከራቸው ይላል። ሦስተኛው እንዲህ ነበር፦ "አባባ ዳይሱን አሳስቶ ሲያነብ ዝም በሉት። ያለው ቁጥር ይሁን። ዓይኑ መድከሙን ከእኛ እንዳይሰማ።"

ኦቦ ቶለራ ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። ባለፈው ክረምት ነው። ለቅሶ ላይ አዴ ጫልቱ ለተቀመጠው ሰው "መጨረሻ ላይ እኮ ያላየውን አየሁ ይል ነበር፤ ልጃችን መጽሐፍ ላይ ጽፋለች ብሎ አንብቡልኝ እስከ ማለት ደርሶ ነበር" እያሉ አለቀሱ። እኔ ከድንኳኑ ዳር ተቀምጬ ነበር። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ጽሕፈቷን ያጠፋሁት አንዴ ነው፤ ዝምታዬ ግን በየቀኑ ያጠፋል።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አላወቅኩም አልልም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም፤ የእናንተ አይደለማ። ይቅር ማለት ይችሉ ከነበሩት ሁለቱ አፈር ውስጥ ናቸው። የቀሩት አዴ ጫልቱ ኑኑ ቁምባ ወረዳ፣ ወንድማቸው ቤት ገብተዋል።

ትናንት ደወልኩላቸው። "አዴ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። የምነግርዎ ነገር አለኝ።"

"በደህና ነው?"

"ስለ ሀዊ ነው። ስለ ኦቦም።"

ድምፃቸው ሞቅ አለ። "ና ኢልማ ኮ። እዚህ የሚያርድልህ እስላም ስለሌለ ዶሮዋን አንተው መጥተህ ታርዳታለህ።"

"አይ አዴ፣ ምንም እንዳያዘጋጁ።"

"ለምን?" አሉኝ። "ልጅ እናቱ ቤት መጥቶ ጦሙን ያድራል?"