በጥፍር ቀለም የቀባኋቸው ጠጠሮች

ትናንት ምሳ ላይ ቂጣ ስበላ ጠጠር ጥርሴ መሐል ገብቶ ቀጭ አለ። ጥርሴ የተሰበረ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጥርሴስ ደህና ነው፤ ድምፁ ግን ያን ሁሉ ዓመት አሻግሮ ሆሳዕና ገበያ፣ አንዲት የእህል ነጋዴ መደብር በር ላይ ወስዶ አስቀመጠኝ። የስንዴው አቧራ፣ የጆንያው ሽታ፣ የባጃጁ ጡሩንባ ሳይቀር መጣብኝ። እስቲ ልንገርሽ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ላማችንን ሸጦ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ዓመት አልፎታል። «ድንበር ላይ ነን» ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። በዚያው ዓመት ጓሯችን ያለው እንሰት በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ዝልግልግ ነገር ይወጣዋል፣ ይሸታል። እናቴ አንድ በአንድ እየነቀለች ቀበረችው። እኛ አገር እንሰት የሌለው ቤት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ቤተ ክርስቲያናችን ለተቸገሩ ሰዎች እህል ያከፋፍል ነበር። እናቴ ግን አልሄደችም፤ በጉባኤ ፊት ስም እየተጠራ ስለሚሰጥ። «ዛሬ ስሜን ጠርተው ይሰጡኛል፣ ነገ ስሜን ጠርተው ያሙኛል» ትላለች። ጎረቤት ቆጮ ይዞ ሲመጣም በር ላይ ቆማ «በልተናል፣ ጌታ ይባርካችሁ» ብላ ትመልሳለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የቆጮውን ሽታ በአፍንጫዬ እጎርሳለሁ። «በነፃ የሚሰጥሽ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው» ብላ ነው ያሳደገችኝ። እኔም አመንኳት፤ ሰው ከረሜላ ሲሰጠኝ እንኳ መጀመሪያ ፊቱን ነበር የማየው።

አንድ ቀን የእህል ነጋዴዋ አጥራችን ድረስ መጣች። ረጅም፣ ቀይ፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ ሙስሊም ሴት ናት። «እህቴ፣ ወላሂ ስንዴዬ ጠጠር በዝቶበት ደንበኛ ሊሸሸኝ ነው። ልቀሚልኝ፤ ከለቀምሽው ላይ ድርሻሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ» አለቻት።

«ሥራ ነው?» አለች እናቴ።

«ሥራ ነው።»

«ሥራ ነው አይደል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ ነው አልኩሽ እኮ!»

ከዚያ በኋላ ቤታችን ንፍሮ መሽተት ጀመረ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ወደ መደብሩ ነው። ለእኛ ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ጆንያ አለ። እናቴ ሰፌዱ ላይ ዘርግታ ታበጥራለች፣ እኔ ጠጠሩን እየለቀምኩ ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ እጥላለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በበሩ ስትገባ አቧራው ወርቅ ይመስላል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ግን ነጋዴዋ ሁልጊዜ «ጠጠሩን እንዳትደፉት» ትላለች። ጣሳውንም ራሷ ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ጠጠር ምን ይሠራላታል? ደግሞ ነጭ መስመር ያለባት፣ ምስር የምታህል አንዲት ጠጠር ነበረች። ባለፈው ሳምንት ለቅሜ ጥያታለሁ፤ አሁን ተመልሳ ሰፌዱ ላይ ቁጭ ብላለች። ለእናቴ ብነግራት «ጠጠር ሁሉ አንድ ነው፤ ዝም ብለሽ ልቀሚ» አለችኝ።

ዝም አላልኩም። ከጎረቤት ልጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ለምኜ ሦስት ጠጠር ቀባሁ። ሲደርቁ ጣሳው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ደባለቅኳቸው። በሳምንቱ ሦስቱም ስንዴው ውስጥ ተገኙ፤ ለቅሜ ኪሴ ከተትኳቸው።

ገባኝ፤ ሴትዮዋ ሚዛን እንዲያነሳላት ጠጠር የምትጨምር አጭበርባሪ ናት! እናቴ ደግሞ ሳታውቅ ተባባሪዋ ሆናለች። ብናገር ስንዴው ይቀርብናል። ዝም ብል ደግሞ የሌባ እንጀራ መብላቴ ነው። ሦስት ቀን ንፍሮውን ፍሬ በፍሬ እየቆጠርኩ በላሁ።

በገበያ ቀን አንዲት ሴት ለልጇ ሰርግ ስንዴ ልትገዛ ከዳምቦያ መጣች። ጆንያ አስመርጣ ልታስጭን ስትል አላስቻለኝም። «እትዬ፣ አትግዢ! ጠጠር ጨምራበታለች፤ ምልክት አድርጌ ይዣታለሁ!»

«አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?» አለች እናቴ።

«ወይ ጉድ! ልጅ አይዋሽም» አለች የዳምቦያዋ። «በይ ክፈቺው፣ እመቤት! ሰርጌ ላይ የእንግዳ ጥርስ ላስረግፍ ነው?»

ነጋዴዋ ፊቷ አመድ መሰለ። «ተይ እህቴ፣ ልጅ ናት…» ብትል ማን ሰምቷት። የዳምቦያዋ ሴት እጇን እስከ ክርኗ ከታ ዘግና ሰፌድ ላይ በተነችው። ንፁህ ነው። ሁለተኛውን ጆንያ አስከፈተች፤ ንፁህ። ሦስተኛውንም። «እንኳን ጠጠር፣ ገለባ የለው! ይቺ ልጅ ጤነኛ ናት?»

እኔም ቀያይ ጠጠሮቼን ከኪሴ አውጥቼ መዳፌን ዘረጋሁ። «ይኸው! ከእኛ ጆንያ ነው የወጡት!»

ከእኛ ጆንያ። ብዬው ስጨርስ ለራሴ ተሰማኝ።

የዳምቦያዋ ሴት ጠጠሮቹን አየች፣ ነጋዴዋን አየች፣ ከዚያ የእናቴን ያረጀ ነጠላ አየች። «ውይ» አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ነጋዴዋ ቀስ ብላ «ብሰጥሽ አትቀበይኝም ነበር» አለች። እናቴ ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች፣ ሰፌዱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እጄን ያዘች። እስከ ቤት እጄን ሳትለቅ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ብትገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጎመን ቅቅል ብቻ ሆነ። እናቴ ልብስ አጥባለሁ ብላ በየሰፈሩ ዞረች፤ ሥራ አልተገኘም። ማታ ሆዴ ሲጮህ እንዳትሰማብኝ በሆዴ እተኛለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ነጋዴዋ ባዶ እጇን መጣች። «እህቴ፣ ልጄ ወለደች። የገበያው ቡላ ውኃ በዝቶበታል፤ ለአራስ አይሆንም። ያንቺ ቤት የቆየ ቡላ አይጠፋም ብዬ ነው» አለች።

እናቴ ብዙ አየቻት። እኔም አየኋት። ገበያው ጥሩ ጥሩ ቡላ ሞልቶት ነበር፤ የነጋዴዋን ልጅም በዚያው ሰሞን አይቻታለሁ፣ ግን ሰፊ ጅልባብ ስለምትለብስ ሆዷ አይታወቅም። እናቴ ጓዳ ገብታ እንሰቱ ሳይታመም ተዘጋጅታ የተረፈችንን አንዲት ጉማጅ ቡላ ከነኮባዋ አወጣች። ሳትቆርስ ሁሉንም ሰጠቻት።

«አላህ ይስጥሽ። አበደርሽኝ አልልም፤ ሰጠሽኝ» አለች ነጋዴዋ።

እናቴ ፈገግ አለች። በማግስቱ ራሷ ተነሥታ ወደ መደብሩ ሄደች። ከዚያ በኋላ ጠጠር የለቀምን እንዳይመስልሽ፤ ጆንያ መስፋት፣ መደብር መጥረግ፣ ለደንበኛ መስፈር ሆነ ሥራዋ።

ያን ዕለት ግን ሴትዮዋ ከአጥሩ ሳትርቅ «እማ፣ እውነት ወልዳለች?» አልኳት።

«አታጣሪ» አለችኝ።

እናቴ አሁን የለችም። ነጋዴዋም ልጆቿ አዲስ አበባ ወስደዋታል ሲሉ ሰማሁ። እኔ ያኔ ትምህርት ቤት ስሄድ በነጋዴዋ ቤት በር ነበር የማልፈው። ያን ሰሞን ሁሉ በሩ ጋ ስደርስ፣ ሕፃን ሲያለቅስ እንዳልሰማ፣ አለማልቀሱንም እንዳልሰማ፣ ደብተሬን በብብቴ ይዤ ሁለቱን ጆሮዎቼን በጣቴ ደፍኜ እሮጥ ነበር።