አዛን ሳይሰማ የጠፋ መብራት

ሪያድ፣ መንሱራ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ የጽሕፈት ሱቅ ሥራ የጀመርኩት በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የጋዜጣ ዘጋቢ ነበርኩ፤ ዜናዬን የምጽፈው በታይፕራይተር ነው። ታይፕራይተር ላይ የመታኸው ፊደል ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ኮምፒውተርም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

የሱቁ ኃላፊ ዓም ዑስማን የሚባሉ ሱዳናዊ ነበሩ። ዓም ማለት አጎት ነው፤ ሠራተኛውም ደንበኛውም እንደዚያ ይጠራቸዋል። ካርቱም ኖሬ ስለነበር ዓረብኛ እንደምችል ሲያውቁ አንድ የቤት ኪራይ ውል ሰጡኝና ወደ አማርኛ እንድመልሰው አዘዙኝ። ገጹን ሳጋምስ የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ዓም ዑስማን ደንበኞቹን አስወጡ፣ የብረት መዝጊያውን ወደ ታች ሳቡት፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋናውን ማጥፊያ ተጫኑት። መብራቱ፣ ፎቶ ኮፒው፣ ኮምፒውተሩ፣ የእኔም ውል አንድ ላይ ጠፉ።

“ምነው ጌታዬ!” አልኩ በአማርኛ።

“ሴቭ አላደረግክም?”

“ሴቭ ምንድን ነው?”

ጨለማው ውስጥ ሲስቁ ሰማኋቸው። “ኸላስ፣ በቃ፣ ከሶላት በኋላ የምትማረው እሱን ነው።”

ሪያድ ውስጥ በሶላት ሰዓት ሱቅ ሁሉ ይዘጋል። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ መብራት ከታየ ሙጠወዓ የሚባሉት የሃይማኖት ፖሊሶች ቆመው ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ዓም ዑስማን ማጥፊያውን ለመጫን ይቸኩላሉ። የውጭው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የውስጡ መብራትና ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በዚያ በአንድ ማጥፊያ ላይ የተገጠሙ ነበሩ።

እኔም ዘዴ አበጀሁ። የጎረቤቱ መስጊድ ሙአዚን ድምፁን ሲያሰማ፣ የመጀመሪያውን ሐረግ ሳይጨርስ ጣቶቼ ኮንትሮልና ኤስን ተጭነዋል። ክርስቲያን ነኝ፤ እሱን ሙአዚን ግን በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ዲያቆናት አስበልጬ ነበር የማዳምጠው። የአማርኛው ፕሮግራም ደርቆ ሲቀር የምንከስረው አንዳንድ አንቀጽ አልጠፋም፤ ማታ ማታም ሥራውን በዲስኬት እገለብጥ ነበር። ቀን ቀን ሴቭ የማደርግበት ሰዓት ግን በሙአዚኑ እጅ ነበር። እንዲህ እያልኩ የአማርኛው ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቃሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ሐሙስ ዘይነብ መጣች። የወሎ ሴት ናት፤ ሱለይማኒያ በሚባለው ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ ተመትቶላት በማግሥቱ ለዘለቄታው ወደ አገሯ ልትበር ነው። የምትተካት ልጅ የምትገባው እሷ ከሄደች በኋላ ስለሆነ አይገናኙም። ልጅቷ አማርኛ ታነባለች፤ ዓረብኛ አታውቅም። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ማማ የሚሏት የአሠሪው እናት አለች፤ ስኳር በሽታ አለባት።

“እኔ መጻፍ አልችልም፣ ወንድሜ” አለች ዘይነብ። “የማማን አያያዝ ለልጅቷ አንተ ጻፍልኝ። ልጅቷ ሳታውቅ ማማን አንድ ነገር ብታደርጋትስ? ለማማም አዝናለሁ፣ ለልጅቷም አዝናለሁ።”

ጀመርን። “‘በልቻለሁ’ ብትልሽ አትመኛት። ዳቦውን ትራስ ሥር ትደብቃለች፤ ትራሱን አንሺና እዪ።”

“ይህንንም ልጻፈው?”

“እሱን ነው እንጂ መጻፍ! የሳሎኑን ምንጣፍ መጥረግማ ይደርሳል፤ የትም አይሄድም።”

ሁለተኛውን ገጽ ስናጋምስ ዓም ዑስማን ከወንበራቸው ብድግ አሉ። “ያላ፣ ሶላት!” ብለው ማጥፊያውን ተጫኑት።

አዛን አልሰማሁም ነበር። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ያን ቀን ተበላሽቶ ሙአዚኑ በደጃፉ ቆሞ በባዶ ድምፁ ነው የጠራው፤ ፎቶ ኮፒው እየሠራ ይህ አይሰማም። ዓም ዑስማን ያወቁት የፊት ለፊቱ ሱቅ ሲዘጋ አይተው ነው።

“መብራት ሄደ?” አለች ዘይነብ።

“ጽሑፉም ሄዷል።” ክፉ ዜና ሲነገር አጭር ይሁን ተብዬ ነው የተማርኩት።

“ኧረ በአላህ! ምላሴ እስኪደርቅ የለፈለፍኩት?”

የቤቱ እመቤት ገበያ ብላ የላከቻት ዐስር ሶላት ካለቀ ሳትዘገይ እንድትመለስ አስጠንቅቃ ነው። ለመነጋገር የቀረን ሱቁ ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ብቻ ነበር። ሴት ልጅ ከእኛ ጋር በተዘጋ ሱቅ ውስጥ መቆየት ደግሞ አትችልም። ስለዚህ ያመጣት የአሠሪዎቿ ሾፌር አበበ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ መኪናውን ከሱቁ ጀርባ አቆመ። እሷ ከኋላ ተቀመጠች፣ እኔ ከአበበ ጎን ሆኜ ወረቀት ጉልበቴ ላይ አደረግኩ።

ድገሚልኝ አላልኳትም። ያወራውን እንዲደግም የተጠየቀ ሰው ይሰለቻል፣ ያሳጥራል። የማስታውሰውን እኔ ልናገርና እሷ ታርመኝ ብዬ ጀመርኩ።

“ጠዋት ኪኒኗን ከሻይ ጋር…”

“ከሻይ ጋር ማን አለህ? ከቁርስ በኋላ! ወይኔ፣ ይሄ ሰውዬ ማማን ሊገድልብኝ ነው!”

አበበ ሳቀ። “እንዲህ እየሰማ ነው ጋዜጠኛ የነበረው?”

“አንተ መንገድህን እይ!” አልኩት።

“ቆመን የምን መንገድ ነው የማየው?” አለ አበበ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ “እሱንስ ነግረሽዋል? ማማን ሹመይሲ ሆስፒታል ያደረስናት ቀን፣ ዝም ያለችውን?” አላት።

ዘይነብ በመዳፏ ግንባሯን መታች። “ያ ረቢ! ዋናውን!”

ሱቁ ውስጥ ስታስጽፈኝ ይህን አልነገረችኝም። ማማ ስኳሯ ሲወርድ ያልባትና ዝም ትላለች፤ የተኛች ትመስላለች። ያኔ ዓይኗን መግለጥ ከቻለች ቶሎ ጣፋጭ ጭማቂ ማጠጣት፣ ወዲያው እመቤቲቱን መጥራት ነው። አበበ ይህን ያውቃል፤ ወደ ሆስፒታል ያበረረው እሱ ነው።

መዝጊያው ሲነሳ ገብቼ ጻፍኩት። በየአንቀጹ ሴቭ አደረግሁ፣ ዲስኬት ላይ ገለበጥኩ፣ ሁለት ቅጂ አተምኩ። ዘይነብ ወረቀቱን ተቀብላ፣ “ዝም ስትል የሚለው የቱ ጋ ነው?” አለችኝ። አሳየኋት። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ፣ “ይህን አወፍረው” አለች። አወፍሬ እንደገና አተምኩላት። እየሮጠች ወጣች።

በሳምንቱ ዓም ዑስማን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተው የኮምፒውተሮቹን መስመር ከሰሌዳውና ከመብራቱ አስለዩት፤ መብራት ሲሄድ ጥቂት የሚያቆይ ባትሪም አስገጠሙ። ያም ሆኖ ሱቁን እስክለቅ ድረስ ማጥፊያው ላይ እጃቸውን አሳርፈው፣ “ያ ታዲስ! ሴቭ!” ሳይሉ አይጫኑትም ነበር። ስሜ ታደሰ ነው፤ እሳቸው ጋ ታዲስ ሆኖ ቀረ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አበበ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጣ።

“ማማ ዝም አለች” አለኝ ገና ከበሩ።

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ።

“አዲሷ ልጅ ፍሪጁ ላይ የለጠፈችውን ያንተን ወረቀት አነበበች፤ ጭማቂ አጠጣቻት፣ እመቤቲቱን ጠራች። እኔ መኪና ሳስነሳ ማማ ቁጭ ብላ ትሳደባለች።”

“አሁንስ?”

“አሁንማ ዳቦዋን እየደበቀች ነው።”

ኮፒውን አንስቼ ሰጠሁት። ከዚያ የጀመርኩትን አንቀጽ ሴቭ አደረግሁ።

ዛሬ ወደ ጋዜጠኝነቴ ተመልሼ፣ ዜና ክፍል ውስጥ አብረውኝ ለሚሠሩ ወጣቶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። አንድ አንቀጽ ስትጨርሱ ሴቭ አድርጉ፤ ሌላ ቦታም ቅጂ ይኑራችሁ። የሚያስታውሳችሁን ድምፅ አትጠብቁ፤ አንድ ቀን ላይሰማ ይችላል።