የዱሬቲ ዕድሜ በችሎት

ዱሬቲ ጅራታ ውጭ አገር ለመሄድ የወሰነችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ለክትባት ወደ መቱ የመጣች አንዲት ነርስ ቤይሩት እንደተማረች ነገረቻት። በቃ። ዱሬቲ የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ ጻፈች፦ ጎሬ፣ ጅማ፣ አዲስ አበባ፣ ቤይሩት። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ቤተሰቡን አሰለቸች።

ገንፎ በሹካ መብላት ጀመረች። እናቷ እትዬ በየነች ሹካውን ሁለት ጊዜ ደበቁት፤ ሁለት ጊዜ አገኘችው። ከባለሱቁ ከሀምዱ በዐረብኛ መቁጠር ተማረችና ወንዝ በወረደች ቁጥር ርምጃዋን በዐረብኛ ትቆጥር ነበር። የሰፈሩ ሰው ስሟን ለወጠላት።

«ቤይሩት፣ ዛሬም እዚሁ ነሽ እንዴ?»

እሷ ርምጃዋን መቁጠሯን ትቀጥላለች።

በጥር 1955 ማስታወቂያ ትምህርት ቤቷ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከጠቅላይ ግዛቱ ሁለት ልጃገረዶች ለነርስነት ትምህርት ቤይሩት ይላካሉ። ዕድሜ፦ አሥራ ስምንት የሞላ። ማስረጃ፦ የፍርድ ቤት ወረቀት። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ዕለቱ ሰኞ ነበር።

ዱሬቲ አሥራ ስምንት ከሞላት ሦስት ወሯ ነው። ይህን የሚል ጽሑፍ ግን የትም አልነበረም። የክርስትና መዝገቡ የእሷንና የክርስትና እናቷን ስም ይዟል፤ ቀን የለውም። ስለዚህ ሦስት ምስክር ጎሬ ፍርድ ቤት ወስዶ ማስማል ያስፈልጋል። አባቷ አቶ ጅራታ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ አቶ ዲንቃንና አቶ አብደታን፣ ለመኑ። ሦስተኛው ሀምዱ ሆነ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አቶ ጅራታ ምስክር ማስጠናት ነውር ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቹን «ስለ ልጄ ዕድሜ ዳኛ ፊት የምታውቁትን ትናገራላችሁ» አሏቸው። ለምን እንደሆነ አልጨመሩም። ሽማግሌዎቹም አልጠየቁም፤ መጠየቁም ነውር ነው። የቤይሩቱን ነገር የልጅ ጨዋታ አድርገው ከረሱት ቆይተዋል።

ረቡዕ ጠዋት ቡና የጫነ መኪና ላይ ወጡ። ዱሬቲ ከከረጢቶቹ መሀል አንገቷን አወጣች።

«ጋሼ ዲንቃ፣ እኔ እኮ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ዱሬቲ!» አሉ አባቷ።

«ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው!»

«እውነት ከሆነ እሳቸው ያውቁታል። ዝም በይ።»

አቶ ዲንቃና አቶ አብደታ ተያዩ።

ችሎት ላይ አቶ ዲንቃ መስቀል ይዘው ማሉ።

«የልጅቷ ዕድሜ ስንት ነው?» ዳኛው ጠየቁ።

«አሥራ አራት። ቢበዛ።»

«ጋሼ!» ዱሬቲ ጮኸች።

«ጸጥታ!»

አቶ አብደታ ቀጠሉ። «አሥራ አራትም አልሞላት። ጥርሷን የቀየረችው ትናንት ነው።»

ሀምዱ ቁርዓን ይዞ ማለ። «አሥራ ስምንት ነው። ሱቄን በከፈትኩ ሳምንት ነው የተወለደችው። ፈቃዴ ላይ ቀኑ አለ፤ ይኸው።»

ዳኛው ወረቀቱን አገላብጠው መለሱለት። «ይህ የሱቅህ ልደት ነው። የልጅቷ አይደለም።»

ከኋላው አቶ አብደታ ዝም ማለት አልቻሉም። «አንተ ሀምዱ፣ አታፍርም? ለማን ልትድራት ነው?»

ዱሬቲ ተነሳች። «ክቡር ዳኛ፣ ልናገር።»

«ሁለት ለአንድ ነው፤ አሥራ አራት ዓመትሽ ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው የሚናገረው በሞግዚቱ ነው።»

አቶ ጅራታ ተነሡ። «ክቡር ዳኛ፣ አሥራ ስምንት ነው።»

«ምስክሮቹን ያመጣሃቸው አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ የራስህን ምስክር ልትቃወም ነው?»

አቶ ጅራታ ተቀመጡ። አሥራ አራት የሚለው ወረቀት ላይ ማኅተሙ ተመታ።

ደጅ ሲወጡ አቶ ዲንቃ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። «ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ። አሁን ማንም አይወስድሽም።»

«ማን ነው የሚወስደኝ?»

«ባል ነዋ!»

ከሦስት ዓመት በፊት እነዚሁ ሁለት ሽማግሌዎች ዲሪቤ የምትባል የጎረቤት ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው ብለው ምለው ነበር። አሥራ ሦስት ነበረች። ቡሬ ተዳረች፤ በመጀመሪያ ምጧ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በእናቷ ደጅ አያልፉም። ስለ ልጃገረድ ዕድሜ ዳኛ ፊት መቆም ለእነሱ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ዱሬቲ ስለ ማስታወቂያው ነገረቻቸው።

«ታዲያ ይህን ቀድሞ ማን ነገረን?» አሉ አቶ አብደታ።

«ማንም። ነውር ነው ብዬ» አሉ አቶ ጅራታ።

አቶ ዲንቃ ፊታቸውን ወደ ችሎቱ መለሱ። «ገብቼ እንደገና እምላለሁ።»

«አሥራ አራት ብለው ከማሉ በኋላ አሥራ ስምንት ቢሉ በሐሰት ምስክርነት ይታሰራሉ» አለ ሀምዱ።

«ልታሰራ!»

«ለእሷ ምን ይጠቅማታል? የእስረኛ ቃል ማን ይሰማል?»

ዓርብ መጣ፤ ምዝገባው ተዘጋ። የጎሬ ሁለት ልጆች ሄዱ።

ዱሬቲ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ጸሐፊ ሆነች። ሁለት ጊዜ ለጋብቻ ሽማግሌ ተላከባት። ሁለቱንም ጊዜ አቶ ጅራታ ባለማኅተሙን ወረቀት ከሳጥን አወጡ። «ሕፃን ናት፤ ፍርድ ቤት ወስኗል» አሉ። የተላኩት ሰዎች ወረቀቱን አዩ፣ በር ላይ የቆመችውን ሴት አዩ፣ ተሰናብተው ሄዱ። ዱሬቲ ለዚህ እንኳ አላመሰገነችም።

በጥር 1959 ማስታወቂያው ተመልሶ መጣ። አንድ መስመር ተጨምሮበታል፦ ከሃያ ዓመት ያልበለጠች። እሷ ሃያ ሁለት ሆኗታል። ሰሌዳውን በጥፊ መታችው። ቤት ሄዳ ወረቀቱን ከሳጥኑ አወጣች። በወረቀቱ አሥራ ስምንት ሞልቷታል። ተመዘገበች፤ አለፈች።

የሄደች ቀን አቶ ዲንቃ በምርኩዝ መጡ። አቶ አብደታ ግን አልመጡም።

«ዕድሜሽን ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

«አሥራ ስምንት።»

«እውነቱስ?»

«እውነቱን ተናግሬ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ማን ሰማኝ?»

አቶ ዲንቃ መሬቱን በምርኩዛቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። «በይ፣ ሂጂ።»

መኪናው ሁለት ሰዓት ዘገየ። እትዬ በየነች ቤት ገብተሽ ጠብቂ አሏት። ከሻንጣዋ ላይ አልነሳም አለች።