በቃሌ የያዝሁት የማሽን ቁጥር

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዝናብ ደብድቦት ከሥራ ገባ። የኮምፒውተር ሰው ነው። «እማዬ፣ ዛሬ ሰርቨሩ ሥራ በዝቶበት ተንቀራፍፎብን ዋለ። ተቆልፎ የተቀመጠ ትርፍ ፕሮሰሰር ስለነበረው እሱን ከፈትንለትና ነፍስ ዘራ» አለኝ። የልጅ ልጄን እያስተኛሁ ሰማሁት። ያን ነገር ከእሱ በፊት አውቀዋለሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁት ግን ነግሬው አላውቅም።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ደብረ ታቦር፣ አንድ መሬት የሚመዘገብበት ቢሮ በጽዳት ተቀጥሬ ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ኋላ ከልጄ ጋር ነው፤ ጸሎቱን ግን አባቴ ሲደግም እየሰማሁ በቃሌ ይዤው አድጌአለሁ። ሰኔ ነው፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ። ገበሬው ይዞታውን ሊያስመዘግብ ከየገጠሩ ይጎርፋል። እናቴም መጣች። አባቴ ከሞተ ወዲህ አጎቴ መሬቱን በስሙ አስመዝግቧል፤ እስከ ዓርብ ማታ ቀርባ «የኔ ነው» ካላለች ለእሱ ይጸናል። አራት ቀን ተሰለፈች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ቅቅል ድንች እንኳ ለሰልፈኛው ታድል ነበር።

የቢሮው መመዝገቢያ ኮምፒውተር፣ ማሽኑ የምንለው፣ በቀን ጥቂት ሰው መዝግቦ ይደክማል። ባለሙያው ጋሼ አያሌው «ጉልበቱስ ሆዱ ውስጥ አለ። ግማሹ ተቆልፎ ነው የተሸጠልን፤ መክፈቻ ቁጥሩን ከአዲስ አበባ ጠይቀናል» አለኝ።

«በሬ ሽጦ ቀንበር መንሳት ነዋ!» ስለው ሳቀ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ እሱ ለቅሶ ሄዶ ሳለ ስልኩ ጮኸና አነሳሁት። «መክፈቻው ነው፣ ጻፊ» አለኝ ከአዲስ አበባ የደወለው ሰው። አልችልም ለማለት አፈርሁ። እንደ ጸሎቱ ሁለቴ አስደገምሁትና ሦስተኛውን እኔ አልሁለት። «ጎበዝ» ብሎ ዘጋው። አያሌው እስኪመለስ ብጠብቅ ቀኑ ያልቃል ብዬ፣ ቁጥሩን እያነበነብሁ ወደ ለቅሶው ቤት ሮጥሁ።

መንገድ ላይ የንስሐ አባታችንን አገኘኋቸው። እንዴት ተደርጎ ይታለፋል? ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምሁ።

«እናትሽ ደኅና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ።»

«ከብቶቹስ? አዝመራውስ?»

አንድ በአንድ መለስሁ። ቀና ስል የቁጥሩ ጅራት ጠፍቷል።

አያሌውን ከለቅሶው ጠርቼው ቢሮ ተመለስን፤ በቃሌ የቀረኝን ይዞ ሞከረ፤ ማሽኑ እንቢ አለ። ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። «አስታውሺ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!» ይለኛል፤ እኔ ግን እንባዬ ነው የሚመጣው። በሩ ሲዘጋ እናቴ ገና ሰልፍ ላይ ነበረች። ሰኞ ቁጥሩ እንደገና መጣ፤ ማሽኑ የሳምንቱን ሥራ በግማሽ ቀን ጨረሰው። የእናቴ ቀን ግን አልፏል ተባለ። ከዚያ ወዲያ የገዛ ማሳዋን ጤፍ ለአጎቴ እያረመች አረጀች።

ልትሞት ስትል፣ ቁጥሩ አባን መንገድ ላይ ሳገኝ እንደ ጠፋብኝ ነገርኋት። «አባን ግን ተሳለምሻቸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ምን ታደርጊ ነበር» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ልጄ አሁን ቁጥር በቃል የሚይዝ የለም ይለኛል። ደግ ነው፤ ሰው ሰላምታውን እስኪጨርስ ማሳውን የሚያጣ ከሌለ ደግ ነው። እኔ ግን ፊቷን ያዞረችው ይቅር ብላኝ ይሁን አዝናብኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።